ኮንግረስማኑን በስሙ የሚጠሩት ሰው

ስርጉትዬ፣ ነይ እስቲ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ክርስትናው እንዴት ደምቋል! ሕፃኑማ አንዴም አላለቀሰ... ፓርኪንግ አገኘሽ? እኔ ዞሬ ዞሬ ደከመኝ። ለነገሩ ይሄን ሌክ ሃይላንድስ የሚሉትን ሰፈር በእግሬ ነው የማውቀው። ባለፈው ሰመር በዚያ ሙቀት ለምርጫው በር ለበር ስናንኳኳ ረሳሽው?

ምን፣ ሽማግሌው እዚያ ጋ ተቀምጠዋል፣ ድምፄን ልቀንስ? ማንን ፈርቼ? ምስጋና እኮ ነው የማወራው! ኮንግረስማኑን በስሙ የሚጠራ፣ አብሮት ፎቶ የተነሳ ትልቅ ሰው በመካከላችን ማግኘት ቀላል ነው? "የእናትሽን ቪዛ ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ብቻ የኮንግረስማኑን የምርጫ ካምፔይን አግዢ" አሉኝ። አገዝኩ። እኛ ስናንኳኳ እሳቸው መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተው መንገድ ይመሩናል። መሪ ማለት እንዲያ ነው... ላብ አይነካውም።

አንዲት አሮጊት ብቅ ብላ፣ "የኔ ልጅ፣ ፍርድ ቤት የምርጫ ወረዳዎቹን ካርታ አስቀይሮታል፤ ይሄ የምትቀሰቅሺለት ሰውዬ በእኛ ዲስትሪክት አይወዳደርም" አለችኝ። ሮጬ ነገርኳቸው። "እሷ ፖለቲካ ምን ታውቃለች!" አሉ። እውነታቸውን ነው። እሷ እዚያ ከመኖር በቀር ምን አውቃ?

የምርጫው ዕለትስ? ማሽኑ ላይ የሰውዬው ስም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እሳቸው ግን ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ጠጋኝ አስጠሩ! ከዚያ "መርጫለሁ" የሚለውን ስቲከር ደረታቸው ላይ ለጥፈው "አሸነፍን" ብለው ፖስት አደረጉ። ሰውዬውማ አሸንፏል... በሌላ ዲስትሪክት፣ እኛ በሌለንበት።

ሶ፣ ኮንግረስማኑ ቢሮ ኮል አደረግኩ። የእናቴን ስም ሳልጨርስ አድራሻዬን ጠየቁና "ወደ ራስሽ ተወካይ ደውዪ" አሉኝ። የራሴ ተወካይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ እሳቸው እየጻፉ፣ እኔ ሼር እያደረግኩ ስንሰድበው የከረምነው! አሁን በየትኛው ዓይኔ ልየው? እናቴ ደሴ ሆና ሻንጣዋን ታስራለች፣ ትፈታለች። እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው።

አይ፣ በእሳቸውስ አልተቀየምኩም! ሽማግሌ ሰው ቂም ይያዝባቸዋል? እንዲያውም ጠዋት ማታ እጸልይላቸዋለሁ። የእናቴን ቪዛ አስጨርሰው በእጃቸው እስኪሰጡኝ ድረስ፣ አምላክ አንዲት ቀን ሳያጎድል በዕድሜ በጤና ያቆይልን... አሜን በይ እንጂ ስርጉትዬ! ሰው የዘላለም ሕይወት ሲመረቅለት ዝም ይባላል?