ለሚኒስትር የምትኳል መርከብ

በእኛ ወደብ አዲስ የመከላከያ ሚኒስትር መሾሙን የምናውቀው ከዜና ሳይሆን ከቀለም ሽታ ነው። ሹመቱ ለንደን ላይ በተሰማ በሳምንቱ የመርከብ ጥገናው ግቢ ግራጫ ቀለም ይሸታል፤ ጉብኝት አለ ማለት ነው። እኔ ጃጎ በዚሁ ግቢ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ትምህርቴ አጭር ነው። በዚህ ሰበብ የኃላፊነቱ ቦታ እኔን እያለፈ፣ የብሎን ዓይነት መለየት እኔ ላስተማርኳቸው ልጆች ሲሰጥ ኖሯል። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም፤ ለሌላው ትምህርት ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ከባድ ጉም ወረደና የወንዙ ማሻገሪያ ጀልባ ቆመ። መጠለያው ውስጥ ገብቼ ልቀመጥ ስል ክሌመንት ፔንገሊን አገኘሁት። ክሌመንት የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። ሚኒስትር ሲመጣ ፊት ፊት እየሄደ የሚያስጎበኘው እሱ ነው። ሜዳሊያም አለው። ሜዳሊያ ያስገኘለትን ሥራ ማን እንደሠራው እዚህ ላይ አላነሳም።

«ጃጎ፣ ዛሬም ፊትህ ኮምጣጤ ጠጥቷል» አለኝ የስጋ ፓስቲውን እየገመጠ።

«እኔን ሚኒስትር አይስመኝም፣ ፊቴ በምን ይፈታ?» አልኩት።

ይህን ስንባባል የወንድሙ ልጅ ታምሲን ከጉሙ ውስጥ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች መሐንዲስ ናት፤ የጥገናውን ዕቅድ የምታወጣው እሷ ናት።

«እንደምን አመሹ አጎቴ? ጋሽ ጃጎ፣ እርስዎስ?» አለች። እኔን በስሜ የሚጠራ መሐንዲስ በግቢያችን ብዙ የለም። ከዚያ ሳትቀመጥ፣ «እውነት ነው እንዴ አጎቴ? ሐሙስ ሚኒስትሯ ስትመጣ ባልቴቷን ልታስጌጧት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ባልቴቷ የምንላት ለዓመታት ከቆመችበት ያልተነቃነቀች የጦር መርከብ ናት። በወረቀት «በጥገና ላይ» ትባላለች እንጂ በቁሟ እየታረደች ነው። እህት መርከቦቿ ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ሲጎድላቸው ከእሷ ይነቀላል፤ አዲስ አይገዛማ። አዲስ ሚኒስትር ሲመጣ ግን የተነቀለውን ከእህቶቿ ላይ አውልቀን መልሰን እንገጥምላታለን፤ ቀለም እንቀባታለን። ሚኒስትሩ ፊቷ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እሱ ሲሄድ እንደገና ነቅለን ለባለቤቶቹ እንመልሳለን። ልማዱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ያፈረበት ሰው ግን አላየሁም።

«ምን አለበት?» አለ ክሌመንት። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይሰናዳል። አንቺ እናትሽ ቤት አልጋ አታነጥፊም ነበር?»

«አነጥፍ ነበር። የጎረቤት አንሶላ ገፍፌ ግን አይደለም።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ስሚ ልጄ። ይቺ ሴትዮ የመከላከያ በጀት ይጨመር እያለች ነው። ፓርላማውም ወሬው ሁሉ ጭማሪ ሆኗል። በዚህ ሰዓት ሙሾ ይዘሽ ልትቀበያት ነው? ግቢው ካማረ አዲስ መርከብ ታዝልናለች። የተቦጫጨቀ ሬሳ ካሳየናት ይዘጋ ትላለች። ሰሜን ያለው ግቢ ሲዘጋ አባትሽ ስንት ዓመት ቤት እንደዋለ ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«እንግዲያውስ!»

ክሌመንትን አልወደውም፤ ፍርሃቱ ግን የውሸት አልነበረም። ግቢው ቢዘጋ ለከተማችን ሌላ እንጀራ የላትም።

«አጎቴ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ታምሲን። «ከባለፈው ሚኒስትር ጉብኝት በኋላ ምን መለዋወጫ ተገዛልን?»

«ምንም።»

«ከእሱ በፊት ከነበረውስ?»

«እሱም ምንም። ቋጣሪዎች ናቸው!»

«እኛ እኮ ነን አያስፈልገንም ያልናቸው። ሙሉ መርከብ አሳየናቸው፤ ለንደን ገብተው አንድ ብለው ቆጠሯት። ለማትጎድል መርከብ ማን መለዋወጫ ይገዛል?»

«አሁን ገንዘቡ ይጨምራል እያልኩሽ ነው!»

«ይጨምር። ምን ላይ ሊውል? ይቺ ሚኒስትር አንድ ትልቅ መርከብ ታዛለች። ንድፉ ሳያልቅ ትነሳለች። ተተኪዋ መጥቶ ንድፉን ከመጀመሪያው ያስጀምራል። እስከዚያ ያሉን መርከቦች እርስ በርስ ይበላላሉ። ገንዘቡ ደግሞ ከሰው ኪስ ነው የሚወጣው። እትዬ ሎይስ ለዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከያዙ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ሚስቴን እዚህ ውስጥ አታስገቢያት!»

«እሳቸው ወረፋ እየጠበቁ ለእኛ የሚሰጥ ገንዘብ ከሆነ፣ ለቀለም ይዋል?»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ አጎትን ማፋጠጥ ነው?»

«ልጅቷ ልክ ናት» አልኩ እኔ።

«አንተን ደሞ ማን ጠየቀህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ታምሲን አሁን አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«ሐሙስ ባልቴቷ ላይ የሚገጠመው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ከየት ነው የሚነቀለው?»

«ሰኞ ባሕር ከምትወጣው። ማታውኑ ይመለስላታል።»

«ባለፈው ጉብኝትም ተመልሶላት ነበር። ሲነቀልና ሲተከል ግን ማሸጊያ ጎማው ተቀደደ። ባሕር ላይ ሞተር ክፍሉ እሳት ሲይዝ ፓምፑ ውሃ አልገፋም። ልጆቹ በእጅ ማጥፊያ ተረባርበው ነው የተረፉት። አንደኛው ሁለት እጁ ተቃጥሏል።»

ክሌመንት ማኘኩን አቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«መርከቧ ስትመለስ ገብቼ ያየሁት ራሴ ነኝ።»

«እኔ ሊቀ መንበሩ ለምን አልሰማሁም?»

«ለእርስዎም የሚያሳዩዎት ያማረ ያማረውን ነዋ፣ አጎቴ። እርስዎ ሚኒስትሮቹን እንደሚያደርጓቸው።»

ክሌመንት የተረፈውን ፓስቲ በወረቀቱ ጠቀለለው።

«ግቢውን ብትዘጋውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ልትዘጋው ትችላለች፤ አልዋሽዎትም። ግን እስካሁን በማታለላችን ምን አተረፍን? ብየዳ የሚማር አንድ ልጅ ከቀጠርን ዓመታት አለፉ። ሽማግሌዎቹ ጡረታ ሲወጡ ግቢው ማንም ሳይዘጋው ይዘጋል።»

ክሌመንት ቆቡን አጠለቀና ተነሳ። «ፓምፑ ካለበት አይነቀልም። ሚኒስትሯን እኔ ይዣት እወርዳለሁ» አለ።

ሐሙስ የግቢው ሥራ አስኪያጅ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቢቆጣም ክሌመንት ሚኒስትሯን ባልቴቷ ሆድ ውስጥ ይዟት ወረደ። በእጅ ባትሪ ያሳያት ባዶ የቆሙ ብሎኖችን ነበር።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?» አለች።

«ባሕር ሊወጣ ነው፣ ክብርት ሚኒስትር። ለእርስዎ ብለን ብንመልሰው ኖሮ እህቷ ሰኞ ያለ ፓምፕ ትወጣ ነበር።»

«እንዲህ የሆነው ይሄ ብቻ ነው?»

ክሌመንት ወደ ጎን አለና ቦታውን ለታምሲን ለቀቀላት። እሷም ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አሳየቻት።

በዚያው የብርድ ወራት ባልቴቷ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ቁጥር ተሰረዘች። ጋዜጦች የባሕር ኃይላችን አነሰ ብለው ጮኹ። ክሌመንት መጠጥ ቤት ሲገባ ጀርባቸውን የሚያዞሩበት ሰዎች ነበሩ፤ የሁለት ቀለም ቀቢዎች እንጀራም ተቋርጧል፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ብርዱ ሲያልፍ ግን ለነባሮቹ መርከቦች የብዙ ዓመት የጥገናና የመለዋወጫ ውል ተፈረመ፤ ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር እንዳይፈርስ ተደርጎም ታሰረ። ጥቅሙን ማንም ሊያየው ይችላል። መርከበኛው የሚተማመንበት ፓምፕ አገኘ። በያጁ የከርሞ ሥራውን ዛሬ ያውቃል፤ ልጆችም ተቀጥረው እየተማሩ ነው። ግብር ከፋዩ አንድ ዕቃ ሲነቀል፣ ሲገጠምና ሲመለስ ሦስት ጊዜ መክፈሉ ቀርቶለታል። መንግሥትም የጦር በጀት ልጨምር ሲል ከየትኛው ጉድለት እንደሚጀምር ያውቃል። የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ ማሳየት አገር እንደማይጠብቅ፣ ክሌመንትን የሚያህል ግትር ሰው ከተረዳው ሌላውም ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ሚኒስትሯ ዓመት ሳይሞላት ተነሳች። ተተኪው፣ አንድ ረጅም ሰው፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ መጣ። ክሌመንት በቀጥታ ከባሕር የተመለሰች መርከብ ሞተር ክፍል አስገባው። ቦታው ጠባብ ነው፤ ዘይት ይሸታል፤ ፎቶ አንሺው መቆሚያ አጣ። ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ መከላከያ ወጪው የወደፊት ዕጣ መናገር ሲጀምር፣ ክሌመንት ለመካኒኩ በእጁ ምልክት ሰጠው። አዲሱ ፓምፕ መሥራት ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ ተንቀጠቀጠ። የሚኒስትሩ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ቃል ግን የለም። ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ ፓምፑን ያጠፋው ሰው አልነበረም።