መስመሩ ጠበበኝ

የበደለኝ ሰው አሰልጣኝ ጌትነት ነው። ስሙን አስቀድመሽ ጻፊው፣ ኋላ እንዳይረሳ። ጻፍሽው? በይ እንግዲህ ልጀምርልሽ።

በእኛ ጊዜ ኳስ የሚታየው በዓይን ነበር። ምን ያስቅሻል? እናንተማ ዲሽ ቤት ታጉራችሁ የፈረንጅ ሩጫ ስታዩ ትውላላችሁ፤ ያ ወንድምሽ የአስራ አንድ ፈረንጅ ስም እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግመዋል፣ እስቲ የቅድመ አያቱን ስም ጠይቂው! በእኛ ጊዜ ተጫዋቹን ከነእናቱ ነበር የምናውቀው። ሲሮጥ ትንፋሹን እንሰማለን፣ ሲወድቅ አቧራው እኛ ላይ ነው፣ ሲያገባ ደግሞ መጥቶ ጉልበታችንን ይስማል። ፈረንጁ ጉልበትሽን ስሞሽ ያውቃል? አያውቅም። እንግዲያው ዝም ብለሽ ጻፊ።

ታዲያ ይህ የሆነው ኢሕአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጠመንጃው ዝም አለና ልጆቹ ከየሄዱበት ተመለሱ፣ ሥራ ግን የለም፣ እና ኳስ ሆነ ሥራቸው። ሜዳው ዛሬ ያ ባለ ፎቅ ሆቴል የቆመበት ቦታ ነው። በዚያ ሳልፍ አሁንም ዓይኔ ጎሉን ይፈልጋል፤ የማየው ግን ዘበኛውን ነው፣ እሱም "እማማ፣ ምን ፈለጉ?" ይለኛል። ምን ፈለግሁ! ምኑን ብዬ ልንገረው?

እና ደግሞ ላስታ ውስጥ ደልዳላ መሬት የት ይገኛል? ሜዳው እንደ ጣሪያ ያጋደለ ነበር። የታችኛው ጎኑ ገደል ነው፤ ኳሷ በዚያ ከወጣች ሰው ወርዶ እስኪያመጣት ዳኛውም ይቀመጣል፣ እኛም ቆሎ እንቆረጥማለን። የላይኛው ጎን ግን የእኛ ነው፣ የተመልካቹ። እዚያ ላይ አንዲት ድንጋይ ነበረችኝ፣ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ብትርቅ ነው። የብርቄ ድንጋይ ይሏታል። ሰው አይቀመጥባትም፣ ቢቀመጥም ስመጣ ይነሣል።

ለምን ቢሉ መስመሩን የማሰምረው እኔ ነበርሁ። ጠላ ሻጭ ቤት አመድ አይጠፋም፤ ቅዳሜ ከሰዓት አመዴን በጆንያ ተሸክሜ እወርዳለሁ፣ በጣሳ እየቀዳሁ ዙሪያውን አፈስሳለሁ፣ የማዕዘን ካስማውን እተክላለሁ። ማንም አላዘዘኝ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን እንኳ አልጨረስሁትም፣ መስመር ግን እንደኔ ቀጥ አድርጎ የሚያሰምር ዲግሪ ያለው አምጪልኝ!

ልጆቹን ልንገርሽ። በረኛው ሁሴን ነው፣ የጋሸና ልጅ። ሁዳዴ ሲገባ የእኛዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ነው የሚጫወቱት፣ እና ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሁሴን ብቻውን ቡድን ይሆናል። "እናንተ ጾመኞች፣ እኔን ለጅብ ጥላችሁኝ ነው?" እያለ ይጮህባቸዋል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ተከላካዮቹ ኳስ ወደሱ አያስደርሱም፣ "ሁሴን ጾም ነው፣ እንዳታስቸግሩት!" ይባባላሉ። መሀል ላይ ዲያቆን ፍሥሐ አለ። ገና ለት ካህናቱ ግማሹ ላይ፣ ግማሹ ታች ሆነው ዝማሬ ሲቀባበሉ አይተሽ የለ? የላዩ ሲያጎነብስ የታቹ ቀና ይላል፣ ማንም ማንንም አያይም ግን አይሳሳቱም። ፍሥሐ ተጫዋቾቹን እንደዚያ ነበር የሚያስኬዳቸው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ይህንን ነው አሁን ዲሽ ቤት "ታክቲክ" እያላችሁ እንደ አዲስ ነገር የምታወሩት። እኛ ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ካነጻቸው ጀምሮ እናውቀዋለን!

ማሩ ግን... ማሩ ሌላ ነው። ግራኝ ነበር። ግራኝ ስልሽ በግራው የሚመታ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ግራ እግሩ የራሱ ልብ ነበረው። ታዲያ የእኛ ብልሃት ይኸውልሽ፣ ዕጣ ሲወጣ ሁልጊዜ አንዱኑ ጎል እንመርጣለን፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ግራችን የገደሉ ጎን ይሆናል፣ በዚያ ደፍሮ የሚሮጥ የለም። ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀየር ግራችን ወደ ላይ ይመጣል፣ ወደ እኔ ድንጋይ። ያኔ "ማሩ! ልቀቀው!" እላለሁ፣ እሱም መስመሩን ታክኮ ይበራል። አመዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀራል እንጂ ኳሷ አትወጣም። ከማዕዘኑ አጠገብ ያሻግራታል፣ ከዚያ ማንም በግንባሩ ይገጫታል፣ አበቃ። ያንን ድምፅ፣ እግሩ አመዱን ሲጠርገው የሚሰማውን ሹ... ሹ... ሹ... የሚለውን፣ እስካሁን ስተኛ እሰማዋለሁ።

እና ጌትነት መጣ። ደሴ የተማረ አስተማሪ ነው፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚውለው፣ ገበያም ሲሄድ። መጣና ማሩን ቀኝ ላይ አቆመው!

"ምነው አሰልጣኝ?" አልሁት።

"ዘመናዊ አሰላለፍ ነው፣ እትዬ። እርስዎ አይገባዎትም" አለኝ።

አንድ ጨዋታ ዝም አልሁ፣ ሁለት ጨዋታ ዝም አልሁ። በገና ሰሞን ግን እንዴት ዝም ይባላል? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? እኛ አገር ገና ስንጫወት ባለ ርስቱም፣ ዳኛውም፣ ሹሙም በግጥም ይሰደባል፣ ተሰዳቢውም ስቆ ጠላ ይጋብዛል። ኳስም ያው የገና ሩር መስሎኝ ተነሣሁና ከድንጋዬ ላይ አወረድሁበት፦

*አሰልጣኝ ጌትነት ፊሽካህ አማረ፣*
*ግራኙ ልጃችን በቀኝ ታሰረ።*

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሁሴን ጎሉን ጥሎ ተንከባለለ። ጌትነት ግን ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጌታ አይቆጣም ነው የሚለው ተረቱ፣ ጌትነት ግን ተቆጣ! መጥቶ ከፊቴ ቆመና "ይህ ገና አይደለም፣ ስፖርት ነው! የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ!" አለ።

"የመንግሥት ሠራተኛ ግራና ቀኙን አያውቅም እንዴ?" አልሁት። ይህችን እንኳ ባልላት ይሻል ነበር። ግን ደግ አደረግሁ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራሁ። የዚያን ጊዜ ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር፤ ሰው ሁሉ ይገመገማል። ባለ ጠላዋ ብርቄም በስፖርት ኮሚቴ ተገመገመች! ሰብሳቢው እስክሪብቶውን እያንቋቋ "ወይዘሮ ብርቄ፣ ተጫዋቾች አሰልጣኙን እንዳይሰሙ አድርገዋል። ግለ ሂስ ያድርጉ" አለኝ።

"ግለ ሂስ ምንድነው?"

"ጥፋትዎን በራስዎ አፍ መናገር።"

"ጥፋት ሲኖረኝ መጥቼ እናገራለሁ" አልሁና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። እነሱም ወረቀት ጻፉ፣ ማኅተም መቱበት፦ ወይዘሮ ብርቄ ጨዋታ በሚኖርበት ቀን ከሜዳው መስመር አሥር እርምጃ ርቀው እንዲቀመጡ። አሥር እርምጃ! እኔ ካሰመርሁት መስመር!

የሚያናድደው ደግሞ ምኑ ነው? በሚቀጥለው ጨዋታ ጌትነት ማሩን ወደ ግራ መለሰው። ግጥሙን ሰማ፣ ገጣሚዋን አባረራት።

ታዲያ ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ከፍላቂት ከተማ ቡድን ጋር ጨዋታ ደረሰን። ያሸነፈ ወልድያ ወርዶ ለዞን ይጫወታል፣ እዚያ ደግሞ ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ማሩ ቤቴ መጣ። እናቱ ከሞተች ወዲህ ምክር ሲሻ እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ "እትዬ፣ እዚህ እርሻም የለኝ፣ ሥራም የለኝ። ያለኝ ይቺ እግር ናት። ነገ ካለፍን እዚያ ያዩኛል" አለኝ።

"ያዩሃል እንጂ!"

"ታዲያ ከድንጋይዎ እንዳይቀሩ። ድምፅዎን ካልሰማሁ እግሬ አይፈታም።"

እንዲህ አለኝ። እንግዲህ ፍረጂ። ልጁ ከድንጋይዎ አይቅሩ ይላል፣ ማኅተሙ አሥር እርምጃ ራቂ ይላል። ከሰዓት አመዴን ተሸክሜ ወረድሁ። ከድንጋዬ አጠገብ ቆሜ አሰብሁ፣ አሰብሁና ሳቄ መጣ። ወረቀቱ ከመስመሩ አሥር እርምጃ ነው የሚለው። መስመሩ የት ይሁን አይልም! ከድንጋዬ ተነሥቼ ወደ ሜዳው አሥር እርምጃ ቆጠርሁ፣ እዚያ ላይ አመዴን ከዳር እስከ ዳር አፈሰስሁ፣ ካስማዎቹንም ነቅዬ እዚያው ተከልሁ። ብርቄ አትነሣም፣ መስመሩ ይነሣ!

እሑድ ሰው እንደ ጥምቀት ነበር። እኔ ድንጋዬ ላይ ንግሥት መስዬ ተቀምጫለሁ። ጌትነት ሲያየኝ ወረቀቱን ከኪሱ እያወጣ እየሮጠ መጣ።

"እትዬ ብርቄ! አሥር እርምጃ ተብሏል!"

"ቁጠራ!" አልሁት። "ቁጥር ተምረህ የለ?"

ቆጠረ። ሰው እያየው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ከአመዱ ተነሥቶ መጣ፣ አሥር ሲል ጉልበቴ ሥር ደረሰ። ድንጋዬን ያራቅሁ መስሎት ሰው አጨበጨበ። ወረቀቱን አጥፎ ተመለሰ። ከዚያ የበለጠ ደስታ በዕድሜዬ አላየሁም፣ እግዜር ይይልኝ፣ በሠርጌም ቀን ቢሆን።

የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ጎል ተቀየረ። ግራችን ወደ ላይ መጣ። ማሩ በአጠገቤ ሲያልፍ ሳቅ አለልኝ፣ እኔም "ማሩ! ልቀቀው!" አልሁ። ለቀቀው። እንደልማዱ በረረ፣ ኳሷን ገፋት፣ ፊሽካ ተነፋ። ውጭ! ዳኛው ከወልድያ የመጣ ነው፣ ድሮ መስመሩ የት እንደነበር በምን ያውቃል? ያየው አመዱን ነው። ማሩ መሬቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እንደገና በረረ። ውጭ! እንደገና። ውጭ! እግሩ የሚያውቀው ሜዳ ሌላ ነው፣ ዓይኑ የሚያየው ሌላ። የዚያን ለት አመዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አልቀረም፣ እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆነ። በአራተኛው ፍላቂቶች ኳሷን ፈጥነው ወረወሩ፣ ረጅም መትተው አገቡብን። አንድ ለዜሮ። አለቀ።

እኔ መቼ ገባኝ መሰለሽ? በመጀመሪያው ፊሽካ ነው የገባኝ። ተነሥቼ "መስመሩ እዚህ አይደለም!" ማለት እችል ነበር። ጌትነት ፊት? ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላ? ድንጋዬ ላይ ተቀመጥሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ጌትነት ማሩን ሰው መሀል ያዘው። "ምን ነካህ ዛሬ? ኳሱን ሁሉ ውጭ ስታወጣ ዋልህ!"

ማሩ እያለከለከ "መስመሩ ጠበበኝ" አለ።

ሰው በሳቅ ሞተ። "መስመር ይጠባል እንዴ?" አለ አንዱ። "ጫማው ነው የጠበበው!" አለ ሌላው። አሁን እናንተ ፈተና ስትወድቁ፣ ሰው ዕዳው ሲከብደው "መስመሩ ጠበበኝ" እያላችሁ የምትቀልዱት ከዚያ የመጣ ነው፤ አታውቂም ነበር? እና እኔም ሳቅሁ። ጻፊው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ምን አልሽ? ግለ ሂስ ነው? አዎ ነው እንግዲህ፣ የዘገየ። ኮሚቴው ፈርሷል፣ ለማን ልስጠው፤ ላንቺ ነው የምሰጠው።

ማሩ ፋሲካን ከእኛ ጋር አልዋለም። ጋሸና ወጥቶ በጭነት መኪና ሄደ። አንዱ ሱዳን ነው ይላል፣ አንዱ መተማ ሾፌር ሆኖ አየሁት ይላል። ይኸው ቡድኑም ፈረሰ፣ ሜዳውም ሆቴል ሆነ፣ ጌትነትም ተዛወረ። እኔ ግን መንገድ ላይ ግራ እግሩን የሚያስቀድም ጎልማሳ ባየሁ ቁጥር ቆሜ ፊቱን አያለሁ።

በዚያ ጨዋታ ማግሥት፣ ማሩ ገና ሳይሄድ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ መጥረጊያና አመዴን ይዤ ወረድሁ። የጠበበውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁት፣ ካስማዎቹን መለስሁ፣ በጥንት ቦታው ላይ አዲስ አመድ አፈሰስሁ። ከዚያ ድንጋዬን በትከሻዬ ገፍቼ፣ እያረፍሁ፣ ከመስመሩ አሥር እርምጃ እስክትርቅ ወደ ላይ አንከባለልኋት። ቀና ስል ማሩ ቆሟል። ብቻውን ሊሮጥ መጥቶ ነው፣ ያቺ አሮጌ ኳስ በእጁ ነች። መጥረጊያውን ከኋላዬ ደበቅሁ። ኳሷን ጣላትና መስመሩን ታክኮ በረረ፣ ሹ... ሹ... ሹ... ከማዕዘኑ አጠገብ አሻገራት፣ የሚገጫት ግን ማንም የለም፣ ወደ ገደሉ ሄደች። ቁርጭምጭሚቱን አየ፣ እኔን አየ።

"ዛሬ ሰፋ እኮ፣ እትዬ" አለኝ።

"መስመር ይሰፋል እንዴ?" አልሁት።