የተሸኙት ተሸናፊዎች

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከሴቶች የቅርጫት ኳስ የዋንጫ ጨዋታ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፤ ያሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ደምሰው፣ የተሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ ነጃት ከሜዳው ኳስ ስትሰበስብ አግኝቷታል።)

ደምሰው፦ ልጄን ተዪልኝ ነው የምልሽ! ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።

ነጃት፦ አቦ ደምሴ፣ መጀመሪያ ሰላም በለኝ። ሰው እኮ ነኝ።

ደምሰው፦ እሺ፣ ሰላም ነሽ?

ነጃት፦ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ባንተ ከመሸነፌ በቀር ደህና ነኝ። ቤዛን ምን አደረግኳት?

ደምሰው፦ ዛሬ ጠዋት እዚህ መጥታለች። ባጂያ የምትሸጠዋ ሴትዮ ናት የነገረችኝ። ደረጃው ላይ ካንቺ ጋር ቁጭ ብላ ስታወራ ነበር አለችኝ። የኔ አምበል፣ ዋንጫ ባነሳች ማግስት፣ ከተቃራኒ ቡድን አሰልጣኝ ጋር!

ነጃት፦ ተቃራኒ? በአንድ አሰልጣኝ እጅ ያደግን ሰዎች ዛሬ ተቃራኒ ሆንን?

ደምሰው፦ ወሬ አታስቀይሪ። ልትወስጃት ነው?

ነጃት፦ ለምን እሷን አትጠይቃትም?

ደምሰው፦ አንቺን ነው የጠየቅኩት። ትናንት ያደረገችውን ያላየሁ መሰለሽ? ፊሽካው ተነፋ፣ አሸነፍን፣ ዋንጫውን ተቀበልኩ። ዞር ስል ሕዝቡ የለም! ያንቺን ልጆች ከቦ፣ እየጨፈረ ወደ ባጂያ ቤት እየሸኘ ነው። ተሸናፊዎቹን!

ነጃት፦ ሰፈሩን አታውቀውም እንዴ? ያስደሰተውን ነው የሚሸኘው። ዋንጫ አይቶ መቼ ሸኝቶ ያውቃል?

ደምሰው፦ አውቃለሁ። ስጫወት እኔንም ሸኝቶኛል። እሺ፣ ሕዝቡ ይሂድ፣ ሕዝብ ነው። የገዛ ልጄ ግን መሀላቸው ገብታ እየዘፈነች ስታጨበጭብ! ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ!

ነጃት፦ አይቻታለሁ። ድምጿ ደግሞ ሲያምር!

ደምሰው፦ እኔ ዋንጫውን በፌስታል ይዤ ብቻዬን ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ሺሻ ነው እንዴ የያዝከው?»

ነጃት፦ ያ ረቢ! አታስቀኝ፣ ጎኔን ያመኛል።

ደምሰው፦ ሳቂ። ቅናት ነው ካልሽኝም ቅናት ነው፣ አልደብቅሽም። ቀናሁ! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ነጃት፦ አሸንፈህ በተሸናፊ ትቀናለህ?

ደምሰው፦ ቀናሁ አልኩሽ እኮ! አሁን ደግሞ በሕግ ልትከለክዪኝ ነው?

ነጃት፦ ታዲያ ለምን እንዳልሸኙህ ልንገርህ?

ደምሰው፦ አልፈልግም። ንገሪኝ።

ነጃት፦ ይሄ ሜዳ ኳስ ይዞ መቆየትን የሚገድብ የሰከንድ ሰሌዳ የለውም። አንተ ይህን ታውቃለህ። መምራት እንደጀመርክ «ያዟት፣ አትወርውሩ!» ብለህ ጮህክ። ልጆቹ ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ እየተቀባበሉ ቆሙ። ከዚያ ተመልካቹ እያጨበጨበ ጮክ ብሎ ሰከንዱን መቁጠር ጀመረ።

ደምሰው፦ ሕግ አልጣስኩም።

ነጃት፦ ማን ጣስክ አለህ? የቤዛን ፊት ግን አይተኸዋል? ቅርጫቱ ስር ማንም አልነበረም። ሁለት እርምጃ ብትገባ አለቀ። እሷ ኳሷን እቅፍ አድርጋ አንተን ታያለች።

ደምሰው፦ ብትስትስ? ያንቺ ሂክማ ኳሷን ይዛ ትበርና ታገባለች፣ ዋንጫው ይሄዳል። አሰልጣኝ የሚጠየቀው ውጤት ነው እህቴ። ተሸንፌ ብመጣ «በርታ፣ ቅብብሉ ያምር ነበር» የሚለኝ የለም።

ነጃት፦ አንተ ራስህ እንዴት ነበር የምትጫወተው? ኳስ ስትይዝ ሱቅ ይዘጋ ነበር እኮ! አሁን ልጆቹን የምትከለክላቸውን ሁሉ አንተ ነህ ለዚህ ሰፈር ያሳየኸው።

ደምሰው፦ ለዚያ ነዋ አንድ ዋንጫ እንኳ ሳላነሳ ጫማዬን የሰቀልኩት! ሲያጨበጭቡልኝ ኖሩ፣ ከዚያ ረሱኝ። ጨዋታዬን አሁን ማን ያስታውሰዋል?

ነጃት፦ እኔ።

ደምሰው፦ አንቺማ ተመችቶሻል! ተሸንፈሽ ትወደጃለሽ። ልጆችሽ ሳያዩ ኳስ ይቀባበላሉ፣ ሕዝቡ ያብዳል፣ አንቺ ወንበርሽ ላይ ትስቂያለሽ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮሄ ምን አተረፍኩ?

ነጃት፦ ዋንጫ።

ደምሰው፦ ዋንጫ... አዎ፣ ዋንጫ።

ነጃት፦ ተመችቶሻል አትበለኝ ደምሴ። እኔም የማርርበት አለኝ። ትናንት ዋንጫውን ስታነሳ እጄ አጨበጨበልህ እንጂ ልቤስ ሌላ ነበር። በየዓመቱ «የነጃት ልጆች ጨዋታቸው ደስ ሲል!» ይሉና ለአንተ ዋንጫ ይሰጣሉ። እናቴ እንኳን ስንት ጊዜ «መቼ ነው አንቺስ የምታሸንፊው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? «እማዬ፣ ቅብብላችን ጥሩ ነበር» ልበላት?

ደምሰው፦ ቆይ፣ አንቺ በእኔ ትቀኛለሽ?

ነጃት፦ በደንብ!

ደምሰው፦ ወላሂ በይ።

ነጃት፦ ወላሂ። ደስ አለህ አይደል?

ደምሰው፦ በጣም! ከትናንት ጀምሮ የሰማሁት ደህና ነገር ይሄ ብቻ ነው። ቆይ ቆይ... ቤዛን ለዚህ ነዋ የፈለግሻት! ለዋንጫው!

ነጃት፦ እኔ አልፈለግኳትም። ራሷ መጥታ «አንቺ ጋ ልጫወት» አለችኝ።

ደምሰው፦ ይኸው! አላልኩም? አላልኩም?

ነጃት፦ አልጨረስኩም። ቃሉ ካፏ ሳይወጣ በሐሳቤ ዋንጫ አነሳሁ። ቤዛን መሀል አቆምኳት፣ ሂክማን ከጎኗ። ኢፍቱን ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ኢፍቱን! ከልጅነቷ ያሳደግኳትን፣ በዝናብም በፀሐይም ልምምድ ቀርታ የማታውቀዋን። ቤዛ ገና እያወራች እኔ ልጅቷን ከሜዳ አውጥቼ ጨርሻለሁ።

ደምሰው፦ ኧረ በስመአብ! እንደኔ ነሽ ማለት ነው።

ነጃት፦ እንዳንተ ነኝ። ስንት ዓመት ስሰብክ ኖሬ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ስትመጣልኝ እንዳንተ ሆንኩ። ራሴን ታዘብኩት። «አልቀበልሽም፣ ወደ አባትሽ ተመለሺ» አልኳት።

ደምሰው፦ መለስሻት?

ነጃት፦ መለስኳት።

ደምሰው፦ ታዲያ ይህን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? እስካሁን ታስጮሂኛለሽ! በቃ፣ አለቀ። ልጄ የኔው ናት። ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አንቺ መሐረብሽን አዘጋጂ...

ነጃት፦ አትቸኩል። ለምን እንደመጣች አልጠየቅከኝም።

ደምሰው፦ ምን መጠየቅ ያስፈልገዋል? ሽኝቱ አምሯት ነዋ። ጭፈራው፣ ባጂያው።

ነጃት፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ልትሄድ ስትል ግን በሩ ጋ ቆመች። «ያንቺ ልጆች ሲሸነፉ ትቆጫቸዋለሽ?» አለችኝ። «አንዳንዴ» አልኳት። «ግን ታናግሪያቸዋለሽ» አለችኝ።

ደምሰው፦ ምን ማለቷ ነው?

ነጃት፦ እኔም አልገባኝም። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ትናንት ያልወረወርኩት እስታለሁ ብዬ ሳይሆን አባቴን ፈርቼ ነው። ብንሸነፍ ያናግረኝ ነበር ወይ?»

ደምሰው፦ ቤዛ እንዲህ አለች?

ነጃት፦ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ደምሰው፦ አንቺስ ምን አልሻት?

ነጃት፦ ምን እላታለሁ? ሳቅኩባት። «አንቺ ሞኝ፣ አባትሽ አይደለም እንዴ! ለኳስ ብሎ ልጁን የሚያኮርፍ አባት የት አለ?» አልኳት።

ደምሰው፦ ነጃት...

ነጃት፦ አቤት።

ደምሰው፦ ትናንት አሸንፈንም አላናገርኳትም።