ከጭብጨባው በኋላ

ኮርኔልያ የዚያን ቀን ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ነዳጅ ማደያው ጎራ ያለችው የመኪና መስተዋት ማጠቢያ ልትገዛ እንጂ ከማንም ጋር ልትጣላ አልነበረም። ግን ምን ይደረግ! ከእህል ማከማቻው ግንብ ጀርባ፣ ነፋስም የሰው ዓይንም በማያገኘው ጥግ፣ የአጎቷ የአቶ ኢሳክ ፒክአፕ ሞተሩ እንደተነሣ ቆሟል። ቀረብ ብላ ብታይ አጎቷ መሐረብ አንገታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ስኳርና ፍርፋሪ የተነሰነሰበትን የፕሪም ኬክ ከነመጋገሪያ ሳህኑ ጭናቸው ላይ አኑረው በማንኪያ ይቆፍራሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋቸው ነበር። እሷ ግን ደሟ ፈላ፤ ቢፈላም አይፈረድባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮርኔልያ እናት ወይዘሮ አጋኔታ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ዊኒፔግ ከተማ ድረስ እየተመላለሱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ። በሽታው በዘር የሚወርድ ነው። ኮርኔልያ ኩላሊቷን ልትሰጥ ብትሄድ በእሷም ላይ ጀማምሮ ስለተገኘ ሐኪሞቹ «አንቺስ የራስሽን ጠብቂ» ብለው ከበር መለሷት። አቶ ኢሳክን ግን አልነካቸውም። ታላቅ ወንድም ናቸውና «አንዱን ውሰዱላት» አሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ «ኩላሊትዎ መልካም ነው፤ ክብደትዎ ግን አይሆንም፤ ከዚህ መስመር በታች ይውረዱና ይምጡ» አላቸው። ወረዱ! ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በሆኪ መጫወቻ አዳራሹ ውስጥ በእግር እየዞሩ፣ የሚወዱትን ቋሊማ እየተዉ፣ ሱሪያቸው በቀበቶ ብቻ እስኪንጠለጠል ድረስ ወረዱ። ፓስተሩ እሑድ ዕለት ሲያበስር ጉባኤው አጨበጨበ፤ ያ ጉባኤ ደግሞ እንኳን ለሰው ክብደት ለመዝሙርም አጨብጭቦ አያውቅም።

ከዚያ ወይዘሮ አጋኔታን የሳንባ ምች ያዛቸውና ቀዶ ሕክምናው ለፀደይ ተላለፈ። በዚያን ጊዜ አቶ ኢሳክ እንደገና ይመዘናሉ። ከመስመሩ በላይ ከተገኙ ቀዶ ሕክምና የለም። እንግዲህ ሰውየው ከግንብ ጀርባ ተደብቀው ኬክ የሚበሉት ይህን እያወቁ ነው።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ?» አለች መስኮቱን አንኳኩታ፤ ሰላምታው ሰላምታ ይምሰል እንጂ ጥርሷ ገጥሟል።

አቶ ኢሳክ መስኮቱን አወረዱ። «አይ ኮርኔልያ! ነይ ግቢ፣ ብርድ ነው። ይኼ እንኳ... የሱዛና ነው።»

«የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

«ሳህኗን ልመልስላት ብዬ ነው እኮ።»

«ሳህን የሚመለሰው በሆድ ተጭኖ ነው እንዴ?»

ዞራ ገባች። ለመቀመጥ ግን ቦታ የለም፤ ወንበሩን ሌሎች ሳህኖች ሞልተውታል፤ በየአንዳንዱ ሥር የባለቤቲቱ ስም በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ጭኗ ላይ ደራርባ ተቀመጠች።

«ይኼ ሁሉ የሚበላ ነው?»

«የተበላ ነው ባዶው። ሁለቱ ብቻ ናቸው የቀሩ» አሉ አቶ ኢሳክ፤ የሚመሰገኑ መስሏቸው እኮ ነው! «ሙሉ ሳህን ተመልሶ ያውቃል እዚህ አገር? እናትሽን ጠይቂያት። ሙሉ ሳህን መመለስ ‹ሙያሽ አይበላም› ማለት ነው።»

«ታዲያ ለውሻው አይሰጡትም?»

«የሱዛናን ኬክ? ለውሻ?» እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ።

የወይዘሮ ሱዛናና የዚያች ከተማ ሴቶች ሁሉ ነገር መቼም ያታክታል። ወይዘሮ አጋኔታን ይወዳሉ፤ ወንድማቸውን ማመስገን ይፈልጋሉ፤ «እናመሰግናለን» ማለት ግን አፋቸውን ይይዛቸዋል። ስለዚህ ይጋግራሉ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፣ ማን ያበስልለታል እያሉ በየተራ ደጁን ያንኳኳሉ። ጸሎታቸው ቀዶ ሕክምናው እንዲሳካ፣ ምድጃቸው እንዳይሳካ! ይህን የሚነግራቸው ሰው ጠፋ፤ መናገር የነበረባቸው ሰውዬም ማንኪያ ይዘው ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ስንት ጨመሩ?» አለች ኮርኔልያ።

«ምኑን?»

«አጎቴ!»

«እኔ ሚዛን ላይ የምወጣው ውጣ ሲሉኝ ነው። አሉኝ፣ ወጣሁ፣ አለፍኩ። አንቺ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ? ያለፈን ልጅ መልሰሽ ትፈትኛለሽ?»

«የተማረውን ከረሳ አሳምሬ!»

«ክፉ አስተማሪ ነሽ።»

ኮርኔልያ ጣቷን ቀሰረች፤ ልማድ ነውና ፊት ለፊቷ ሰሌዳ ያለ ይመስል ማብራራት ጀመረች። ከስቶ የነበረ ገላ እንዴት ወደ ቀድሞው ክብደቱ ለመመለስ እንደሚታገል፣ ረኀቡ እንዴት እንደሚበረታ፣ ለመክሳት ከሚያስፈልገው ጥረት ይልቅ ከስቶ ለመቆየት የሚያስፈልገው እንዴት እንደሚረዝም ዘረዘረች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። አቶ ኢሳክ አዛጉ።

«እሺ ይሁን፤ ይኼን ይመልሱልኝ» አለች ንዴቷን ዋጥ አድርጋ። «ጎመን ዘርዎን አጭደው ጎተራ ካስገቡ በኋላ አጨብጭበው ለዕረፍት ሜክሲኮ ይሄዳሉ?»

«ያበደ ካልሆነ ማን እንዲህ ያደርጋል!» አቶ ኢሳክ አሁን ነቁ። «ጎመን ዘር ጎተራ ውስጥ ይግላል እኮ። ክረምቱን ሙሉ እየሄድሽ ካላየሽው፣ ማራገቢያውን ካላስነሣሽለት፣ ይሻግታል፤ ሲብስም ይቃጠላል። አጨዳው በመከር ያልቃል፤ ጥበቃው ግን እስኪሸጥ...» አሉና ወጥመዱን አዩት። ትንሽ አሰቡ። «እህል ግን አይርበውም» አሉ።

ኮርኔልያ ግንባሯን ከዳሽቦርዱ ጋር አጋጨች።

«አትቆጪ፣ ስሚኝ» አሉ አጎቷ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ስነሣ ሥራዬን አውቅ ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለኛል። ሰዉ በየመንገዱ ‹አይዞህ ኢሳክ፣ በርታ› ይለኛል። ከደረስኩ በኋላ ማን ጠየቀኝ? ባሉበት መቆየት የሚታይ ነገር የለውም። ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። ‹ኢሳክ ዘንድሮም አልወፈረም› ብሎ የሚያጨበጭብ ጉባኤ የት አለ? ስለዚህ አንድ ቀን ቀረሁ። ማንም አላየኝም። በማግሥቱም ቀረሁ።»

ኮርኔልያም ራሷ ያን እሑድ ካጨበጨበች ወዲህ «ዛሬ ተራመዱ ወይ?» ብላ አልጠየቀቻቸውም። ግን ማዘኗ ንዴቷን አላበረደላትም፤ አፏን የከፈተችውም ሳታስበው ነው።

«እማዬ ስምዎን ከሆስፒታሉ ላሰርዝ ትላለች።»

አቶ ኢሳክ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን አደረግኳት?»

«እሑድ እሑድ አብረን ስንበላ ታይዎታለች። ያለችኝን ልንገርዎ? ‹የገዛ ወንድሜን ጉርሻ እየቆጠርኩ ነው፤ እንዲህ ያለች ሴት ከምሆን በማሽኑ ልሙት› ነው ያለችኝ። እንዳልነግርዎ ቃል አስገብታኝ ነበር፤ ይኸው አፈረስኩት።»

ኬኩን ከጭናቸው አንሥተው ዳሽቦርዱ ላይ አኖሩት።

«እኔን ታያለች?» አሉ።

«ከዚያ ራሷን ትጠላለች።»

«እኔ እኮ እምቢ ማለት አልችልም ኮርኔልያ። ሱዛና ደጄ ቆማ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ ይሉኝታ ይይዘኛል። ምን ልበላት?»

«እንግዲህ እናቴ በይሉኝታ ልትሞት ነዋ!» አለችና በራሷ ቃል ደነገጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እምቢ ብቻ አይበሏት፤ እምቢ የተባለ ሰው ይከፋዋል። ልታግዝ ነው የመጣችው። የምታግዝበት ሌላ ሥራ ይስጧት» አለች።

አቶ ኢሳክ መሐረባቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። «ነገ ጠዋት ሆኪ አዳራሽ እገባለሁ» አሉ። «ለእናትሽ ምንም አትንገሪያት። ቃል ማፍረስን እንዳትለምጂው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በወይዘሮ አጋኔታ ቤት ዳቦው፣ አይቡና ማርማላታው ቀርቦ ቤተሰቡ ገና መቀመጡ ነው፣ ወይዘሮ ሱዛና ከተፍ አሉ። እጃቸው ላይ ትኩስ ኬክ አለ፤ ሌላ ምን ሊኖር!

«ኢሳክ፣ ዛሬ ደግሞ ቅቤውን አብዝቼልሃለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ሱዛና። አልበላም።»

ወይዘሮ አጋኔታ ዓይናቸውን ሲኒያቸው ላይ ተከሉ።

«ምነው፣ የባለፈው ደርቆብህ ነበር?»

«አልደረቀም።»

«ስኳር አንሶት?»

«ሱዛና፣ በአንቺ ቤት ስኳር አንሶ አያውቅም።»

«ታዲያ ቁራሽ ቅመስ፣ ለእኔ ስትል!»

«ለአንቺ ስል ሱሪዬን አስፍቻለሁ!» አቶ ኢሳክ ፊታቸው ቀላ። «አሁን ተቀመጪና ስሚኝ። ይኼ ሆድ የእኔ ብቻ ቢሆን ሳህንሽን ልሼ እሰጥሽ ነበር። በፀደይ ከከበድኩ ግን ሐኪሞቹ ይመልሱኛል፤ አጋኔታም ማሽኑ ላይ ትቀራለች። አንቺ ለእሷ ትጸልያለሽ አይደል?»

«በየማታው!»

«እንግዲያው ማታ የጸለይሽውን ጠዋት በቅቤ አታፍርሺው።»

ወይዘሮ ሱዛና ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እስከ ዛሬ ጋግሬ ማንም እምቢ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ለአጋኔታ ምን ላድርግላት ብዬ ነው። ምን አውቃለሁ ሌላ? እኔ የማውቀው ምድጃዬን ነው።»

«ሥራማ አለሽ። ነገ ጠዋት ሆኪ አዳራሽ ነይ። ብቻዬን መዞር ሰልችቶኛል። የቀረሁ ቀን የሚጮኽብኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ በዚያ በኩል ከአንቺ የሚበልጥ የለም።»

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ?»

«በዚያው ጉልበትሽ ኬክ ተሸክመሽ ደጄ ትመጪ የለ!»

ወይዘሮ አጋኔታ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ ኮርኔልያ ጀርባቸውን እየደበደበች ቀና ብላ ብታይ እናቷ የወንድማቸውን እጅ ይዘዋል። ስምን ስለማሰረዝ ከዚያ ወዲያ የተነሣ ወሬ የለም።

ወይዘሮ ሱዛና በማግሥቱ መጡ፤ ሁለት ዙር ዞረው እግራቸውንም አቶ ኢሳክንም ረግመው ቁጭ አሉ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። አቶ ኢሳክ ያረፈዱ እንደሆነ ቤታቸው ድረስ ሄደው የመኪና ጡሩምባ ይነፉባቸው ጀመር፤ መንደሩ ሁሉ ይነቃል፣ ማንም ግን ደፍሮ አይናገራቸውም። ሚዛኑም በየሳምንቱ መጨረሻ ይጠየቅ ጀመር። ከፍ ያለ እንደሆነ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ያን ሳምንት ድንቹ ይቀነሳል፣ ዙሩ ይጨመራል፣ አለቀ። የተአምር ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም አሰልቺ ነበር፤ እያወሩና እየተነታረኩ ሲሠሩት ግን አሰልቺነቱ ይረሳል።

በፀደይ አቶ ኢሳክ ተመዘኑ፤ ከመስመሩ በታች ሆኑ። ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፤ ኩላሊቱም በእህታቸው ገላ ውስጥ ሥራውን ጀመረ። ወይዘሮ አጋኔታ ከማሽኑ ተላቀው በገዛ ቤታቸው መዋል ቻሉ።

በጋው ሲገባ፣ ቁስሉ ከጠገገ በኋላ፣ ኮርኔልያ ከሥራ መልስ አጎቷ ቤት ገብታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። አቶ ኢሳክ በሩ ላይ የመራመጃ ጫማቸውን ያስራሉ።

«ኧረ አጎቴ፣ አሁንማ ይረፉ! ምክንያቱ አለቀ እኮ። እማዬ ዳነች።»

አቶ ኢሳክ ቀና ብለው አዩዋት። ኮርኔልያ እንዲህ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም።

«አለቀ? አንቺ ነሽ አለቀ የምትይኝ? ያን ቀን ጎተራ ምናምን እያልሽ መኪናዬ ውስጥ የሰበክሺኝ አንቺ አይደለሽም? አሁን ያለኝ አንድ ኩላሊት ነው፤ እሱን ማን ይጠብቅልኝ፣ ጉባኤው? ደረጃ ስወጣ ማለከለክ ትቻለሁ። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል መጮኹን ትቷል። ሌሊት እንደ ሰው እተኛለሁ። ሱዛና እንኳ ያቺ ሱዛና ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ይኼን ሁሉ ላንድ ቀን ሚዛን ብዬ ነው እንዴ ያመጣሁት፣ አሁን የምጥለው?»

«እኔ እኮ እንዳይደክሙ ብዬ...»

«ስለ ድካም እኔን ተዪኝ። አንቺስ? ሐኪምሽ ጨው ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ፣ የደም ግፊትሽን ጠብቂ ካለሽ ስንተኛ ጊዜው ነው? እናትሽ ነግራኛለች።»

«ጊዜ የለኝም አጎቴ። ትምህርት ቤቱ፣ እማዬ...»

«ኮርኔልያ» አሉ፤ ቁጣው ከድምፃቸው ወጣ። መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። «መስጠት የምችለው አንድ ነበር። ሰጠሁ። ያንቺ ቀን ቢመጣ የምሰጥሽ የለኝም።»

ኮርኔልያ ለሰው ስትመክር የኖረችው ሁሉ ለእሷም እንደሚሆን አንድም ቀን አልታሰባትም ነበር። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ተነሺ» አሉ አጎቷ፣ «ሱዛና ጡሩምባውን ሳትነፋብን።»

ተነሣችና ጫማዋን አጠለቀች።