የሁለት ቁጥር ማሽን ቀይና ቢጫ መቆንጠጫዎች

የምስክር ቃል መቀበያ

ቃል ሰጪ፦ በሥራ ባልደረቦቿ «ካርዴ» የምትባል፣ የልብ ምርመራ ቴክኖሎጂ ሠልጣኝ
ዕድሜ፦ 31
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ፤ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ነዋሪ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20 እስከ 5፡10
ጉዳዩ፦ በሆስፒታሉ የልብ ምርመራ ክፍል ማሽን ላይ ተፈጽሟል ስለተባለ መነካካት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ቃል ሰጪ ተጠርቼ የቀረብኩት ታናሽ እህቴ ባለፈው ሐሙስ የልብ ምት የሚቀርጸውን ሁለት ቁጥር ማሽን ስታጸዳ አይቼ እንደሆነ እንድመሰክር ነው። አይቻለሁ። በደንብ አጽድታዋለች። እሷ አንድን ነገር በደንብ አለመሥራት አትችልበትም፤ የኔም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

ከሥልጠናው በፊት በዚሁ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ለስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የሰው ልብ የምመረምር ሳይሆን የተመረመረበት ወረቀት ሲጠፋ የምፈልግ ሰው ነበርኩ። የልብ ምርመራ ባለሙያዎቹ ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው በኮሪደሩ ሲያልፉ በመስኮቴ አያቸውና «አንድ ቀን» እል ነበር። የሥልጠናውን ማስታወቂያ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ፎርሙን ሁለት ኮፒ ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ አንዱ ቢበላሽብኝ ብዬ ነው። እህቴ በዚያን ጊዜ ጫማ መደብር ውስጥ ትሸጥ ነበር። ትርፉን ፎርም «እስቲ ልሞክረው» ብላ ቆማ ሞላችው። የመግቢያ ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። እሷ ሦስተኛ ወጣች፤ እኔ ስምንተኛና የመጨረሻዋ ሆኜ ገባሁ። መርማሪዋ ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቃኛለች። ጉዳዩ ይኸው ነው ብያታለሁ።

በሥልጠናው ሁለት ዓመት እሑድ ከሰዓት ቤት ውስጥ እንለማመድ ነበር። አልጋ ላይ አስተኛትና የጎድን አጥንቷን በጣቴ እየቆጠርኩ የደረቱ ገመድ የሚለጠፍበት አራተኛው ክፍተት የቱ እንደሆነ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግባታለሁ። እሷ እየተኮረኮረች ትስቃለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። ተራዋ ሲደርስ ግን ሳትቆጥር እጇን ታሳርፋለች፤ ቦታው ነው። በልብ አልትራሳውንድ ደግሞ እኔ መመርመሪያውን ደረት ላይ ወዲያ ወዲህ ሳንሸራትት ውዬ የማገኘው ጥላ ነው፤ እሷ አንዴ አሳርፋ ዘንበል ስታደርገው አራቱም የልብ ክፍሎች ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ሠልጣኞቹ «ወርቅእጅ» ብለው ሰየሟት። እኔን «ካርዴ» አሉኝ። ስም ሲታደል እንኳ ለሷ ወርቁ፣ ለኔ የካርድ ክፍሉ አቧራ ደረሰን።

እናታችን ደም ግፊት አለባት። ባለፈው ወር ራሷን አዙሯት ወንበር ላይ ስትቀመጥ የእጅ አንጓዋን ይዤ ምቷን የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ሰባ ስምንት ላይ ስደርስ «ልጄ፣ እስቲ ትንሿን ጥሪልኝ» አለችኝ። ጠራኋት። መርማሪዋ ቅናት ከጭብጡ ውጪ ስለሆነ እንዝለለው ብትለኝ እንዳይዘለልብኝ ጠይቄአለሁ። እኔ ስድስት ዓመት በመስኮት ያየሁትን እሷ በሩን ከፍታ ገባችበት። በዚያ ላይ በሰው ሁሉ ፊት «እትዬ» እያለች ታከብረኛለች። ብትንቀኝ እንኳ አንድ የምጠላባት ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ከስምንታችን አንዷን ብቻ በቋሚነት እንደሚቀጥር የተነገረን ከወር በፊት ነው። የሚለየን የዓርቡ የተግባር ፈተና ነበር። ሌሎቹ ሠልጣኞች ማን ሁለተኛ ይወጣል እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ስለ አንደኛዋ የሚያወራ አልነበረም፤ ያለቀለት ነገር ነው። መምህራችን ረቡዕ ድልድሉን ለጠፈ። እህቴ በሁለት ቁጥር ማሽን የመጀመሪያዋ ተፈታኝ፣ እኔ በአንድ ቁጥር ሦስተኛ ነበርን።

ማሽኑን ለማያውቅ ሰው ግልጽ እንዲሆን ይህን አስረድቻለሁ። ከማሽኑ በሚወጡት ገመዶች ጫፍ እጅና እግር የሚይዙ አራት መቆንጠጫዎች አሉ። ቀዩ ለቀኝ እጅ፣ ቢጫው ለግራ እጅ ነው። ለጽዳት ሲባል ይነቀላሉ፣ ይመለሳሉ። የትኛው ገመድ የየትኛው እጅ እንደሆነ ገመዱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ፈጣን ሰው የመቆንጠጫውን ቀለም አይቶ ያያይዛል፤ ዘገምተኛ ሰው ፊደሉን ያነባል። እህቴ ፈጣን ናት። እኔ አንባቢ ነኝ። ቀዩና ቢጫው ቢቀያየሩ ማሽኑ ቀኝን ግራ ብሎ ያነባል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው መስመርም ይገለበጣል።

ሐሙስ ከቀኑ 10፡30 ላይ እህቴ ሁለት ቁጥርን አጽድታ ጨረሰች። ክፍሉን በመጨረሻ የሚለቅ ሰው መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት፤ እሷ ፈረመች። 10፡50 ላይ አብረን ወጥተን ግቢው በር ስንደርስ ጃንጥላዬን ረስቻለሁ አልኳት። «ቶሎ በይ እትዬ፣ ዳቦው ያልቅብናል» አለችኝ። ጃንጥላው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው በራሴ ላይ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል፣ ዝም ማለትም ሆነ ጠበቃ ማማከር መብቴ እንደሆነ ነግራኛለች። ገብቶኛል። ዝም ማለቱን ከሐሙስ ጀምሮ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ተመልሼ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ እንጂ ሰው አልነበረም። ቀዩንና ቢጫውን መቆንጠጫ ነቅዬ አቀያየርኳቸው። ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ገመዱን እንደ ልማዴ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ጠቅልዬ በፋሻ ቁራጭ አሰርኩት። ሌላው ሠልጣኝ ሁሉ ክርኑ ላይ ነው የሚጠቀልለው፤ እንደዚያ ሲሆን ገመዱ ውስጥ ውስጡን ይበጠሳል። ለተንኮል ገብቼ ለገመዱ የተጠነቀቅሁ ሰው ነኝ። ለፈተናው የሚተኛው ጤነኛ በጎ ፈቃደኛ እንደሆነ ስለማውቅ ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። የፈለግሁት እህቴ በፈታኝ ፊት አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እንድታፍር ነበር።

ዓርብ ከጠዋቱ 2፡10 ላይ ፈተናው ሳይጀመር ከድንገተኛ ክፍል አንዲት ነርስ እየሮጠች መጣች። የነሱ ማሽን እንደተበላሸ ተናግራ ሁለት ቁጥርን እየገፋች ወሰደችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንዲያውም እንድታልፍ መንገድ ለቀቅሁላት። «ቆዪ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። መርማሪዋ ሳትጠይቀኝ በራሴ ያስመዘገብኩት ይህንን ነው።

ተከትያት ሄድኩ። ታካሚው ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሚስቱ ከጎኑ ቆማ ነበር። ነርሷ ፋሻውን ፈትታ መቆንጠጫዎቹን በየቀለማቸው አያያዘች። ወረቀቱ ወጣ። ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ይመስለኛል። ወረቀቱን አይቶ የሰውዬው የልብ ደም ሥር እንደተዘጋ ተናገረና የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንዲዘጋጅ አዘዘ። እኔ የጓንት ካርቶን አቅፌ ግድግዳው ሥር ቆሜአለሁ።

እህቴ የመጣችው ማሽኗን ፍለጋ ነው። በነርሷ ትከሻ በኩል ወረቀቱን አየችና «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ መድኃኒቱን ያቆዩት፤ የመጀመሪያው መስመር ተገልብጧል፣ የደረቱ መስመሮች ግን ደህና ናቸው፤ የታመመው ገመዱ ይመስለኛል» አለች። ሐኪሙ «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አላት። «ሠልጣኝ ነኝ። በኋላ ይቆጡኛል፤ መጀመሪያ እንየው» አለችው። ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን አነበበች። ለካ ሲያስፈልግ እሷም ታነባለች። መቆንጠጫዎቹን አስተካክላ እንደገና ስታስነሳው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ይህን ጊዜ ቀለም ቀቢው ከሁለት ቀን በፊት ከመሰላል ወድቆ ደረቱንና ጭንቅላቱን እንደተመታ፣ ሚስቱ እንዳትቆጣው ብሎ እንደደበቀ ተናገረ። ሚስቱም እዚያው «መሰላሉን ሸጥኩት አላልከኝም?» ብላ ጮኸችበት። ሐኪሙ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ያ መድኃኒት ቢሰጠው አንጎሉ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችል እንደነበር እዚያ የቆምነው ሠልጣኞች ጭምር እናውቃለን። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። የቆፈርኩት ለእህቴ ነው፤ የገባበት ቀለም ቀቢው ነው፤ ያወጣችው እህቴ ናት። ነርሶቹ ሲያቅፏት ቆሜ አየሁ። ሰውዬው በመትረፉ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያተረፈችው እሷ በመሆኗ ተቃጠልኩ። ተንኮሌ ራሱ ጌጥ ሆነላት።

ከጠዋቱ 3፡30 ላይ መምህራችን ሰብስቦን መዝገቡን ገለጠ። የመጨረሻው ፊርማ የእህቴ ነው። ነርሷ ማሽኑ ላይ ጥላው የነበረውን የፋሻ ቁራጭ እህቴ በእጇ ይዛ ነበር። አንዴ አየችኝ። ከዚያ «ሳጸዳ ነቅዬ ስመልስ አሳስቼው ይሆናል» አለች። መምህራችን መዝገቡን ዘግቶ ነገሩ እስኪጣራ ከፈተናው ውጪ እንደሆነች ነገራት። የታካሚው ሚስትም በዚያው ዕለት ለፖሊስ አመለከተች።

ፈተናው 5 ሰዓት ላይ ተካሄደ። እኔ ከማያያዜ በፊት ፊደሎቹን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። አንደኛ ወጣሁ። መምህራችን ከውጤቴ ጎን «ጠንቃቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ሰማያዊውን ልብስም በዚያው ሰጡኝ፤ ልኬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እናታችን ወጣ ስትል እህቴን ልብሴን ስትተኩስልኝ አገኘኋት። «እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ» አለችኝ። ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ገመድ በስምንት ቁጥር ጠቅልሎ በፋሻ የሚያስር ከአንቺ ሌላ ማን አለ?» አለች። «ጃንጥላሽም እኮ እጀታው ከቦርሳሽ ብቅ ብሎ ነበር።» ታዲያ ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት ካውያውን ሳታቆም «አንቺ ስድስት ዓመት ጠብቀሽዋል። እኔ ምን እሆናለሁ? እኔ እጄ የትም ቢሄድ አይቸገርም» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ነው ያለችው። አውቃለሁ። ስትሰድበኝ ብትውል ግን ይሻለኝ ነበር። እኔ ሕይወቴን ሙሉ የተመኘሁትን እሷ እንደ ተረፈ ፎርም አንስታ ሰጠችኝ፤ ሲጎድልባት እንኳ አላየሁም። ከዚያ በኋላ እዚሁ ጣቢያ መጥታ ጥፋቱ የሷ እንደሆነ ቃሏን ሰጥታ ፈርማለች።

ዛሬ «አዎ፣ እህቴ ስታጸዳ አይቻለሁ» ብዬ ፈርሜ መውጣት እችል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። መርማሪዋ እዚህ ላይ «በመጸጸት» ብላ ልትጽፍ ስትል አስቁሜአታለሁ። ስለ ቀለም ቀቢው አዎ፣ ተጸጽቻለሁ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ስለ እህቴ ግን የመጣሁት ደግ ሆኜ አይደለም። አሁንም እቀናባታለሁ፤ ነገም እቀናባታለሁ። ወርቁን እጅ ወሰደች፣ ወርቁን ስም ወሰደች፣ እናታችንን ወሰደች፣ የሰው ነፍስ ማዳኑንም ወሰደች። ይህ ጥፋት ግን የኔ ነው። አስቤበት፣ ሰዓት መርጬ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። እሱን እንኳ አትውሰድብኝ። ቅዳሜ የሰጠችው ቃል እንዲሰረዝና ወደ ፈተናዋ እንድትመለስ እጠይቃለሁ። ሰማያዊውን ልብስ እንደተተኮሰ በፌስታል አምጥቼ ለመርማሪዋ አስረክቤአለሁ።

የሰጠሁት ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የተናገርኩት፣ የማውቀው እውነት ነው። የቅናቱ ነገር ሳይዘለል መጻፉንም አይቼ ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ መርማሪ፦ (ፊርማ)

ማሳሰቢያ፦ ከቅጹ አናት ላይ «የምስክር» የሚለው በቃል ሰጪዋ ጥያቄ በአንድ መስመር ተሰርዞ «የተጠርጣሪ» ተብሏል፤ ከስርዙ ጎን ራሷ ፈርማበታለች።