ኦርጋን በሌለበት ሽልማት

(እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ደሴ፤ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘፈንበት ትንሽ ዝግጅት መሐል ላይ ተቋርጦ እረፍት ሆኗል፤ የሠርግ ኦርጋን ተጫዋቹ ይመር ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከዘፋኞቹ የአንዱ፣ የጓደኛው የአበጋዝ ታላቅ እኅት ዘሃራ በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወደ እሱ መጣች።)

ይመር፦ አልገባም ብያለሁ፤ ብትለምኚኝም አልገባም!

ዘሃራ፦ ማን ለመነህ?

ይመር፦ እና ምን ልትይ ወጣሽ?

ዘሃራ፦ እንዳትገባ ልነግርህ። ይኸው ካፖርትህ፤ ወንበሩ ላይ ትተኸው ነበር።

ይመር፦ ካፖርቴን! ለቅሶ ቤት እንኳ ሰውን ካፖርቱን አሸክመው አያስወጡትም።

ዘሃራ፦ ለቅሶ ቤት ሰው ሥርዓት ይዞ ይቀመጣላ።

ይመር፦ እንግዲያው እገባለሁ።

ዘሃራ፦ አሁን አልገባም ስትል አልነበር እንዴ?

ይመር፦ አልገባም የምለው እኔ ነኝ፤ አትግባ የምትይኝ አንቺ ነሽ። ሁለቱን እንዴት አንድ ታደርጊያቸዋለሽ? በገዛ እግሩ የወጣና ተገፍቶ የወጣ እኩል ነው?

ዘሃራ፦ በሩ አንድ ነው። እንደፈለግክ ቁጠረው።

ይመር፦ ለመሆኑ ምን ይቀርብኛል ብለሽ ነው? አምስት ጎረምሳ እጃቸውን አንጠልጥለው፣ የቀበሌ ስኳር እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈው «ዱም ዱም» ሲሉ ለማየት? አንዱ ደግሞ በአፉ ከበሮ ይመታል። ከበሮ አጥቶ ከሆነ ይንገረኝ፤ ቤቴ ሁለት አለኝ፣ አውሰዋለሁ።

ዘሃራ፦ ከበሮህ ለሠርግ ይቆይህ። እዚያ ሰው አጥንት እየጋጠ ስለሚሰማ በደንብ መደብደብ አለበት።

ይመር፦ እየበላም ቢሆን ይሰማል። ይጨፍራል። ያልበዋል። እዚህ ሠላሳ ሰው ብርድ ላይ ተኮልኩሎ፣ ማጨብጨብ ክልክል፣ ማሳል ክልክል። አብሮኝ የመጣው ከድር ቢያስነጥሰው ሁላችሁም ዞራችሁ እንደ ሌባ አያችሁት። ምስኪን፣ ሁለተኛውን ውጦት እንባው መጣ። ደስ ሲላችሁ እንኳ ጣት ነው የምታንቋቁት። ጣት! ድመት ነው የምትጠሩት?

ዘሃራ፦ እጅህን ካላጋጨህ የሰማህ አይመስልህማ።

ይመር፦ ከመጀመራቸው በፊትስ? ያ ባለሹራቡ «ሕምም» ይላል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ይተያያሉ፤ ይጣቀሳሉ። በግ ሊሰርቁ የተማከሩ ነው የሚመስሉት። እውነቱን ልንገርሽ? ይሄ ቤት ወፍጮ በነበረ ጊዜ የተሻለ ዘፈን ነበረው። ቢያንስ ዱቄት ይወጣው ነበር።

ዘሃራ፦ ጨረስክ?

ይመር፦ ገና መጀመሬ ነው።

ዘሃራ፦ ተወው፤ ቤትህ ሄደህ ጨርስ። ከድር ተቀምጧል። እሸቱም ተቀምጧል። ይዘሃቸው የመጣሃቸው ጓደኞችህ እንኳ ሰው ሆነው አርፈዋል።

ይመር፦ አብረን መጣን፤ ከተባረርን አብረን ነዋ!

ዘሃራ፦ እነሱ ዘፋኝ ግንባር ላይ ብር አልለጠፉም።

ይመር፦ ይኸው! ከሆድሽ መቼ ይወጣ ይሆን እያልኩ ነበር።

ዘሃራ፦ ዘፈን መሐል ተነሥተህ፣ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲያዳምጥ ጫማህን እያንቋቋህ ሄደህ፣ ብሩን በምራቅህ አርሰህ ወንድሜ ግንባር ላይ ልጥፍ!

ይመር፦ ሽልማት ነው። አገሩ እንዲህ ነው የሚሸልመው። ወይስ መሣሪያው ሲወጣ ባህሉም አብሮ ይውጣ ተባለ?

ዘሃራ፦ ልጁ ሳቀ።

ይመር፦ ይሳቅ! የተሸለመ ሰው ሊያለቅስ ነው?

ዘሃራ፦ ታች ያለውን ድምፅ የያዘው እሱ ነው። እሱ ሲስቅ ቀጭኑ ልጅ ተሰናከለ፤ ቀጥሎ ባለሹራቡ፤ ቀጥሎ ሁሉም። ምሰሶው የተነቀለ ዳስ አይተህ ታውቃለህ? እንደሱ ነው የወደቁት። አራት ወር የተለማመዱት ዘፈን! ከዚያ ጭጭ። ከዚያ ያ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ «ሃ!» ብሎ ሳቀባቸው።

ይመር፦ በአንድ ሳቅ የሚፈርስ ዘፈን ድሮም አልተሠራም። የኔ ኦርጋን ሰካራም ተደግፎበታል፤ ቢራ ፈሶበታል፤ አንዴማ የሙሽራው አጎት ተቀምጦበታል። ቀጥ ብሎ ሠርቷል።

ዘሃራ፦ መብራት ሲጠፋስ? ማን ነበር ሠርጉን የሚይዝልህ? በባዶ ጉሮሮው?

ይመር፦ መብራት ሁልጊዜ አይጠፋም።

ዘሃራ፦ ሌላ ደሴ አለህ እንዴ አንተ?

ይመር፦ እሺ፣ ይሁን። እሱ ምን አለ?

ዘሃራ፦ ማን?

ይመር፦ አበጋዝ ነዋ! እሱ ነው የጠራኝ። በአፉ፤ «ከድርንና እሸቱን ይዘህ ና፣ ከፊት ተቀመጡ» ብሎ። እንዳልገባ ከፈለገ በዚያው አፉ ይንገረኝ።

ዘሃራ፦ ሙቅ ውኃ እየጠጣ ነው። ብርድ እንዳይመታው አልወጣም።

ይመር፦ እና አንቺን ላከ?

ዘሃራ፦ እኔ ታላቁ ነኝ። የሚበጀውን አውቅለታለሁ።

ይመር፦ እሱ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንቺ ዛሬም ንፍጡን ልትጠርጊለት ትፈልጊያለሽ።

ዘሃራ፦ ስንት ዓመት ከአንተ ጋር ሠርግ ለሠርግ ሲንከራተት ማን ጠረገለት? ሰኞ ንጋት ላይ ድምፁ ተዘግቶ ይመጣል። እስከ ማክሰኞ ማታ በምልክት ነው የሚያወራን። እናታችን «ልጄን ዲዳ አደረጉት» እያለች ታነባለች። አንተ ደግሞ ያንን ኤኮህን እስከ ጥጉ ከፍተህ ድምፁን ገደል ማሚቶ ታደርገዋለህ። ስድስት ዓመት ዘፍኖ አንድ ሰው እንኳ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም!

ይመር፦ በዚያ ኤኮ ነው ስም ያወጣው! ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ባለሠርግ ሁሉ ሲሻማብን የነበረው በጉሮሮው ብቻ መሰለሽ?

ዘሃራ፦ ዛሬ ያለ ኤኮ ሰማኸው?

ይመር፦ ሰማሁት።

ዘሃራ፦ እና?

ይመር፦ እና... ቤቱ ትንሽ ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ ሁሉም ድምፅ ትልቅ ይመስላል።

ዘሃራ፦ አየህ? አንዲት ደግ ቃል ከአፍህ ብትወጣ ጥርስህን ይዛ የምትሄድ ነው የሚመስልህ። ወንድሜ ከተለየህ ወዲህ ሦስት ዘፋኝ ለዋወጥክ፤ ሦስቱም ጥለውህ ሄዱ። «ለምን ተውከኝ?» ብለህ ፊት ለፊት መጠየቁን ፈራህና ዘፈኑን መታህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

ይመር፦ ማንንም አልፈራሁም።

ዘሃራ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳታላግጥ መልስልኝ። ይህን ከድር ቢያደርገው «አያውቅም» ብዬ አልፈው ነበር። አንተ ግን ሙዚቀኛ ነህ። ታች የሚይዘው ሰው ከሳቀ ሁሉም እንደሚወድቅ አታውቅም?

ይመር፦ አውቃለሁ።

ዘሃራ፦ የሚደግፈው ኦርጋን እንደሌለስ?

ይመር፦ ረሳሁት።

ዘሃራ፦ ረሳሁት! ሰዓት ሙሉ በከድር ጆሮ «ኦርጋኑ የት አለ? ኦርጋኑን ምን በላው?» ስትል ቆይተህ ረሳሁት! ማይክ በሌለበት ቤት ሹክሹክታ አዋጅ ነው፤ ሠላሳው ሰው ሰምቶሃል። ውሸት እንኳ ልክ አለው፣ ይመር።

ይመር፦ ረሳሁት አልኩሽ። ወላሂ።

ዘሃራ፦ በዚህ ነገርህ አላህን አታስገባው። እንካ ካፖርትህን።

ይመር፦ እጄ ነው የረሳው። እሺ? እኔ አልረሳሁም፤ እጄ ረሳ።

ዘሃራ፦ እጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚረሳው?

ይመር፦ አንቺ ሠርግ ላይ ወንድምሽን ከእኔ በኩል ቆመሽ አይተሽው አታውቂም። ሰው መጥቶ ሲሸልመው ይስቃል። ሁልጊዜ ነው የሚስቀው፤ ግንባሩን ሲነኩት ይኮረኩረዋል። ዘፈኑን ትቶት ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል፤ የሰውየውን ስም ይጠይቃል፤ የእናቱን ስም ይጠይቃል። እኔ በኦርጋኑ እይዝለታለሁ። እዚያችው ቦታ ላይ ዜማውን አዞርለታለሁ፤ አንድ ደቂቃም ይሁን አምስት፣ ተመልሶ እስኪገባ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጣልኩትም።

ዘሃራ፦ ይሄ ከዛሬው ጋር ምን አገናኘው?

ይመር፦ ዛሬ ያንን ወፍራሙን ድምፅ ሲያወጣ ጣቶቼ ኪሴ ውስጥ እየተከተሉት ነበር። አላዘዝኳቸውም። ከዚያ... እኔ እኮ ሸልሜው አላውቅም። የወሎ ሰው ሁሉ ሸልሞታል፤ እኔ አልሸለምኩትም። በምን እጄ? ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። ዛሬ ባዶ ሆኑ። ተነሣሁ። ለጠፍኩለት። ሳቀ። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ።

ዘሃራ፦ ምኑን ጠበቅህ?

ይመር፦ ኦርጋኑ እንዲይዝለት።

ዘሃራ፦ ...ይመር።

ይመር፦ እንደሱ አድርገሽ አትጥሪኝ! ሆስፒታል የተኛሁ አስመሰልሽኝ። ስድብሽ ይሻለኛል።

ዘሃራ፦ እሰድብሃለሁ፤ አትቸኩል። ቢሆንም አትገባም።

ይመር፦ አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

ዘሃራ፦ ምንም። ክፋቱ እሱ ነው። በተንኮል አድርገኸው ቢሆን ኖሮ አልፈራህም ነበር። ይህን አሁን ያልከኝን ቢሰማ ነገ ጠዋት ኦርጋንህን ተሸክሞ ነው የሚከተልህ። ሆደ ቡቡ ነው፤ አሳድጌዋለሁ። በምልክት የሚያወራ ወንድም ዳግመኛ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።

ይመር፦ አልነግረውም።

ዘሃራ፦ ፊትህ ይነግረዋል። ሠላሳ ወንበር ነው ያለው፤ የት ትደበቃለህ?

ይመር፦ ቢነግረውም አይመለስም። ሞኝ አትሁኚ፣ ሰማሁት አልኩሽ እኮ! እንደዚያ የሚዘፍን ሰው ኤኮ ውስጥ አይመለስም፤ ልመለስ ቢለኝም በሩን እዘጋበታለሁ። እነዚህ አራቱ ግን እርባና የላቸውም፤ ይህን እወቂው። ባለሹራቡ በየዘፈኑ መጨረሻ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሦስቱን ጎትቶ ይወርዳል። ወንድምሽ ነው አዝሏቸው የሚሄደው። እኔ ተሰምቶኛል፤ እናንተ ጣት ታንቋቃላችሁ።

ዘሃራ፦ ካፖርትህን ልበስ፤ ተንቀጠቀጥክ።

ይመር፦ ስጪኝ። ከእረፍቱ በኋላ ብቻውን ይዘፍናል፣ አይደል?

ዘሃራ፦ መጀመሪያ ላይ። ባቲ ቅኝት ነው።

ይመር፦ ዝቅ አድርጎ ይጀምር በይው። ብርድ ሲሆን ድምፁ ቶሎ አይወጣለትም፤ እልህ ይይዘውና ይጮኻል። ሳይነቃብኝ ቅኝቱን በኦርጋኑ ዝቅ አድርጌ ነበር የምሰጠው። ስድስት ዓመት አልነቃም፤ ደደብ። ከእኔ እንደሰማሽ አትንገሪው። እነከድር ጨርሰው ይምጡ፤ አልጠብቃቸውም። ደኅና ዋይ፣ እትዬ ዘሃራ።

ዘሃራ፦ ይመር!

ይመር፦ ደግሞ ምን ቀረ? ጃንጥላ አልያዝኩም።

ዘሃራ፦ አበጋዝ «አስወጪው» ብሎ አልላከኝም። «ይመር ተመልሶ ካልተቀመጠ አፌን አልከፍትም» ነው ያለኝ። አትግባ ያልኩህ እኔ ነኝ።