ልብስ ሰፊውን የተከተለው ሽታ

የጥርስ ሐኪሟ ዝናብ አባሯት ከአጎቷ ስፌት ቤት ዘው ስትል፣ ሽማግሌው ጥቁር ሱፍ በራሳቸው ትከሻ ላይ ይለኩ ነበር። የወለሉ ሳንቃ ግማሹ ተነቅሏል።

«አጎቴ፣ ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ! አናጢው ሊወስደኝ መጥቷል።»

አናጢው የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ነበር፤ የተቀበረበትን ሱፍ የሰፉለትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ የሬሳ ሽታ ቤቱን ሞላው። የሞተ አይጥ መስሏቸው ሳንቃውን ነቀሉ፤ ምንም የለም። ሽታው አውቶቡስ ውስጥም አልጋቸው ላይም ተከተላቸው። ሚስታቸው ሌላ ክፍል መተኛት ጀመሩ። እሳቸውም «ትንሽ ታገሠኝ» እያሉ ከባዶ ወንበር ጋር ማውራት ለመዱ።

ሐኪሟንም ሽታው አገኛት። አጎቷ ሲናገሩ ይመጣል፤ ዝም ሲሉ ይሸሻል።

«አጎቴ፣ የጥርስዎን መሃል ያጸዳሉ?»

«ጠዋት ማታ እቦርሻለሁ፤ ምን ቀረኝ? አባቴ ያለዚህ ሁሉ ጣጣ ሰማንያ ዓመት ኖሯል።»

«ስንት ጥርስ ይዘው?»

ሽማግሌው ሱፉን እንደገና መለካት ጀመሩ።

«ብሩሽ ሁለት ጥርስ የተጣበቀበት ቦታ አይደርስም። እዚያ የቀረው ይበሰብሳል፤ ድድ ያቆስላል፣ ጥርስ ያነቃንቃል።»

«ሙት መጥቶብኝ አንቺ ስለ ጥርስ ታወሪያለሽ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልማድም እንዲሁ ነው። እንደ ምንም ለምና አፋቸውን አስከፈተቻቸው። ለጥርስ የተሠራ ቀጭን ክር ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የጥርሱን ጎን እያስታከከች በቀስታ አስገባችው። ከመንጋጋቸው መሃል ደም የነካው ጥቁር ነገር ወጣ። ሽማግሌው አሸተቱትና ፊታቸው አመድ መሰለ። ያው የሬሳው ሽታ ነበር።

ጨርቅ ላይ ስትዘረጋው ጥቁር የስፌት ክር ሆነ። የወዳጃቸውን ሱፍ እያለቀሱ ሲሰፉ፣ እንደ ልማዳቸው ክሩን በጥርሳቸው ነበር የሚበጥሱት።

«መቀስ አጠገቤ እያለ! ደሙስ ምንድን ነው?»

«ድድዎ ቆስሏል። በየቀኑ በቀስታ ካጸዱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ካልተወዎት ክሊኒክ ይምጡ። የስፌት ክር ግን እንዳያስገቡበት።»

ሽማግሌው ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ። «ታዲያ እሱ አልመጣም ማለት ነው?»

«አልመጡም፣ አጎቴ።»

«ብፈራውም አብሮኝ ነበር እኮ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የጥርሳቸውን መሃል ሳያጸዱ አይተኙም። ድዳቸው ዳነ፤ ደንበኛ ፊቱን ማዞር ተወ፤ ሚስታቸውም ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ወዳጃቸውንም ሳይፈሩ ማልቀስ የቻሉት ያን ጊዜ ነው።